ካንጋተን ያለው ስልክ «አርጅቷል» ያለው ማነው?

አንድ ቁጥር አለ። ፓርላማ አልተወያየበትም። በነጋሪት ጋዜጣ አልታተመም። ስለ እሱ መግለጫ የሰጠ ባለሥልጣን የለም። ግን በዚህ ቁጥር ምክንያት አንድ ዜጋ አገልግሎት ያገኛል፣ ሌላው ይከለከላል። ቁጥሩ አንድ አፕ «ከዚህ በታች በሆነ ስልክ ላይ አልሠራም» ብሎ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ቨርዥን ነው።

የሶፍትዌር ሰዎች በእንግሊዝኛ ረጅም ስም ሰጥተውታል። እኔ ደፍ እለዋለሁ። የቤት ደፍ ከፍ ካለ ሽማግሌ ይቸገራል፣ ሕፃን ይወድቃል፣ ጎረምሳው ግን መኖሩንም ሳያስተውል ዘሎት ያልፋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ደፉን የሚሠራው ሁልጊዜ ጎረምሳው ነው።

ዛሬ የምከራከረው ይህን ነው፦ በዚህ አገር የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ አፕ ወይም ሶፍትዌር ደፉን ከፍ የሚያደርገው በማስረጃ፣ በጽሑፍና በቂ ጊዜ ሰጥቶ ብቻ መሆን አለበት። «ኮምፒውተሬ ላይ የነበረው አዲሱ ስለሆነ ነው» የሚል ምክንያት ምክንያት አይባልም። እንዲህ ያለ ደፍ ስንፍና ነው። የስንፍናውን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ደፉን የሠራው ሰው አይደለም።

ከየት ሆነን እንደምናይ

ካርታ ላይ ካንጋተንን ፈልጉት። የኛንጋቶም ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከኦሞ ወንዝ በስተምዕራብ፣ ወደ ደቡብ ሱዳንና ኬንያ ጠረፍ። ጂንካ ራሷ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ካንጋተን ደግሞ ከጂንካም አልፎ ቆላው ውስጥ ናት። ሙቀቱ ባትሪ ይገድላል፣ አቧራው የቻርጀር ቀዳዳ ይደፍናል። እዚያ አንድ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ዕድሜውን ይጨርሳል እንጂ «ሞዴሉ ስላለፈበት» ብሎ የሚጥለው ሰው የለም።

አሁን መንግሥት ከዜጋው ምን እየጠየቀ እንደሆነ እንይ። በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚል ስትራቴጂ ጸደቀ። በግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ጀመረ። በ2015 በአዲስ አበባ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሸጥ ተባለ። በዚያው ዓመት የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ፣ ቁጥር 1284፣ ወጣ። ከታኅሣሥ 2017 ወዲህ ደግሞ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሆነ። አቅጣጫው ግልጽ ነው። መስኮቱ እየጠበበ፣ ስክሪኑ እየሰፋ ነው።

አቅጣጫውን አልቃወምም። በወረቀት የተሠራው ቢሮክራሲ ለካንጋተን ሰው ምን እንዳደረገለት እናውቃለንና ስለ ድሮው የምናፍቀው ነገር የለኝም። ነገር ግን አገልግሎቱን ወደ ስክሪን የሚወስድ አካል «የትኛው ስክሪን?» የሚለውን ጥያቄ የመመለስ ግዴታ አለበት። ካልመለሰ የሰጠን ነገር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ቁጥሩ እንዴት ይመረጣል?

ብዙ ሰው አፕ የሚሠራ ባለሙያ ተቀምጦ፣ የሕዝቡን ስልክ አጥንቶ ቁጥሩን የሚወስን ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይወስነውም። ቁጥሩ ራሱ ይመጣል።

እንዴት? ዛሬ ሶፍትዌር ከዜሮ የሚጽፍ የለም። ሠሪው የሌሎችን ሥራ ይደራርባል። ካሜራ ለመክፈት አንድ ላይብረሪ፣ ኪውአር ኮድ ለማንበብ ሌላ፣ ካርታ ለማሳየት ሦስተኛ፣ ክፍያ ለማስተላለፍ አራተኛ። አብዛኞቹ ኦፕን ሶርስ ናቸው፤ ማለትም ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ነው፣ በነፃ ይገኛሉ። እያንዳንዱ ላይብረሪ የየራሱ ደፍ አለው። የአፑ ደፍ የሁሉም አማካይ አይሆንም። ከሁሉም ከፍ ያለው ነው። አሥራ ዘጠኙ ላይብረሪ በአሮጌ ስልክ ቢሠራና ሃያኛው ብቻ አልሠራም ቢል፣ አፑ በሙሉ አልሠራም አለ ማለት ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ፍላተር የተባለውን የጎግል መሣሪያ አገራችን ውስጥ ብዙ ወጣቶች አፕ ይሠሩበታል። አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት ፍላተር ራሱ የሚሞላው ዝቅተኛ ቨርዥን አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድሮይድ 4.1 ነበር። ከዚያ ወደ 5.0 ከፍ አለ፣ ቀጥሎ ወደ 7.0። የአንድሮይድ መሠረታዊ ላይብረሪዎች ስብስብ የሆነው አንድሮይድ ኤክስም እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ የተለመደ ደፉን ከ5.0 ወደ 6.0 አሳድጓል። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ምንም አልወሰነም። ላፕቶፑ ላይ «አፕዴት» የሚለውን ተጫነ፣ በማግሥቱ ደፉ ከፍ አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቀየረ አንድ መስመር ካንጋተን ላይ በር ዘጋ። መሐል ላይ ደግሞ ማንም «ቆይ፣ ይህ ለኛ ይሆናል?» ብሎ አልጠየቀም።

ይህ የስልክ ብቻ ጉዳይ አይደለም። አንድ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ግብርና ቢሮ ውስጥ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ኮምፒውተር አለ እንበል። ባለሙያዋ የክትባት ወይም የዝናብ መረጃ በፓይተን ልትተነትን ትፈልጋለች። በዊንዶውስ 7 ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው። በፓይተን 3.8 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓንዳስ ደግሞ 2.0 ነው። አሁን አንድ ሰው በጣም ጠቃሚ የሆነ ትንሽ ላይብረሪ ሠርቶ በነፃ ለቀቀ እንበል፤ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ የሚቀይር። መግለጫው ላይ «ፓንዳስ 2.2 ወይም ከዚያ በላይ» ብሎ ጻፈ። በሩ ተዘጋ።

ለምን 2.2? ኮዱን ከፍታችሁ ብታዩት ላይብረሪው ከፓንዳስ የሚጠቀመው ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ የነበሩ ሁለት ሦስት ነገሮችን ነው። 2.2 የተጻፈው ሠሪው በዚያ ቀን ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው እሱ ስለነበር ነው። «የሚያስፈልገኝ» እና «በእጄ ያለው» ተምታቱ። አንድ ሐኪም እሱ ራሱ የሚጠጣው የታሸገ ውሃ ስለሆነ ብቻ «ይህ ክኒን በታሸገ ውሃ ብቻ ይዋጣል» ብሎ ማዘዣ ላይ ቢጽፍ ምን እንለዋለን?

እዚህ ላይ ተቃራኒውንም ስሕተት ልናገር፣ ፍትሐዊ እንድንሆን። ሳይሞክሩ ዝቅተኛ ቁጥር መጻፍም ውሸት ነው። «በአንድሮይድ 5 ይሠራል» ተብሎ ተጽፎ፣ ሰውየው በመከራ የገዛትን ዳታ አቃጥሎ ካወረደው በኋላ ሁለተኛው ገጽ ላይ የሚዘጋ አፕ በሩ ክፍት መስሎ ውስጡ ገደል የሆነ ቤት ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ዝም ብሎ ዝቅ ያለ ቁጥር አይደለም። የተሞከረ ቁጥር ነው።

ሰበብ አንድ፦ «ጎግል አስገድዶን ነው»

ይህን መልስ ብዙ ትሰማላችሁ። ግማሹ እውነት ነው፣ ስለዚህም አደገኛ ነው።

ጎግል ፕሌይ በየዓመቱ የሚያስገድደው ነገር አለ። ለምሳሌ እስከ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 2025 ድረስ አዲስ አፕና አዲስ አፕዴት አንድሮይድ 15ን ዒላማ ያድርግ ብሏል። ግን «ዒላማ» እና «ዝቅተኛ» ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ዒላማው አፑ «የአዲሱን ስልክ ሕግ አውቃለሁ፣ አከብራለሁ» የሚልበት ነው። ዝቅተኛው «ከዚህ በታች አልወርድም» የሚልበት ነው። አንድ አፕ አንድሮይድ 15ን ዒላማ አድርጎ በአንድሮይድ 7 ላይ መሥራት ይችላል። ጎግል የመጀመሪያውን ሲያስገድድ ሁለተኛውን አብረህ አሳድግ አላለም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ዋትስአፕን እዩ። በቢሊዮን የሚቆጠር ተጠቃሚ ያለው፣ ገንዘብም መሐንዲስም የማይቸግረው ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ደፉን ሲያሳድግ ያሳደገው ወደ አንድሮይድ 5.0 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደወጣው። ያንንም አስቀድሞ አስታውቆ ነው። በዓለም ዙሪያ ቪዲዮ የሚያስተላልፍ፣ መልእክት የሚቆልፍ አፕ ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ መድረስ ከቻለ፣ ቅጽ አስሞልቶ የሚልክ የአገር ውስጥ አፕ ከዚያ በላይ የሚጠይቅበት ምክንያት ካለው ምክንያቱን ይንገረን። ሊኖረው ይችላል። ግን ይንገረን።

ሰበብ ሁለት፦ «ለደኅንነት ነው»

ይህኛው ከባድ ክርክር ነው፣ አቅልዬ አላልፈውም። አሮጌ አንድሮይድ ቀዳዳው አይደፈንለትም። ርካሽ ስልኮች አብዛኞቹ ከተሸጡበት ቨርዥን ሳይነቃነቁ ይሞታሉ። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ አፕ በእንዲህ ዓይነት ስልክ ላይ እንዲሠራ መፍቀድ አደጋ አለው። የባንክ ሰው «የደንበኛዬ ገንዘብ ከሚሰረቅ ደፉን ላሳድግ» ቢል ሊሰማ ይገባዋል።

ነገር ግን ደፉ ከፍ ሲል ምን እንደሚሆን እናውቃለን። አሮጌ ስልክ ያለው ሰው አፑን ከፕሌይ ስቶር ሲያጣ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ከጓደኛው በዜንደር ይቀበላል። ከቴሌግራም ላይ አሮጌውን ፋይል ያወርዳል። ማን እንደነካካው የማይታወቅ ፋይል። ለደኅንነቱ ተብሎ የተዘጋበት በር ይበልጥ ወደማያስተማምን ጓሮ ሰደደው። ይህን ያላሰበ የደኅንነት ውሳኔ የራስን ቢሮ ደኅንነት እንጂ የደንበኛውን አላሰበም። «እኛ አስጠንቅቀናል» ለማለት ነው።

ችግሩን በትክክል የፈታ ሰው የለም? አለ። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ተቋም አለ። ድረ ገጾች ላይ የምታዩትን የቁልፍ ምልክት፣ ማለትም የደኅንነት ሰርተፍኬት፣ በነፃ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 አንድ ችግር ይፋ አደረገ። የቆየው የሥር ሰርተፍኬት በመስከረም 2021 ያበቃል፤ አዲሱን ደግሞ ከ7.1.1 በታች የሆኑ አንድሮይዶች አያውቁትም። በእጁ በነበረው አሃዝ መሠረት ከአንድሮይድ ስልኮች 33.8 በመቶው ከ7.1 በታች ነበሩ። ሦስት ሰው ከሆነ አንዱ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት እነዚህ ስልኮች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ድረ ገጾችን መክፈት ሊያቅታቸው ነው።

ቀላሉ መንገድ «ስልክ ቀይሩ» ማለት ነበር። መጀመሪያ ላይ የተዘጋጁትም ለዚያ ነበር። ግን ፍለጋቸውን አላቆሙም። አሮጌ አንድሮይድ በውስጡ የተቀመጠን የሥር ሰርተፍኬት ማብቂያ ቀን እንደማያጣራ ተጠቀሙበት። የቆየው ሥር ባለቤት ከሆነው አይደንትረስት ጋር ተስማምተው ለሦስት ዓመት የሚያገለግል ድልድይ ሠሩ። በታኅሣሥ 2020 መፍትሔውን አስታወቁ። ድልድዩ ያበቃው በመስከረም 2024 ነው፤ እሱም አስቀድሞ በተነገረ ቀን። በ2023 ቁጥሩን ሲያዩ አዲሱን ሥር የሚያምኑ አንድሮይዶች 93.9 በመቶ ደርሰው ነበር።

ልብ በሉ። እነዚህ ሰዎች ደፉን አሳድገዋል። ለዘላለም አሮጌውን ተሸክመው አልኖሩም። ግን መጀመሪያ ቆጠሩ፣ ለሕዝብ ነገሩ፣ ድልድይ ሠሩ፣ ሦስት ዓመት ጠበቁ፣ ከዚያ ዘጉ። ደኅንነት ሥራው የሆነ፣ አገልግሎቱን በነፃ የሚሰጥ ተቋም ይህን ካደረገ፣ ከሕዝብ በጀት የሚሠራ ተቋም ምን ያግደዋል?

ሰበብ ሦስት፦ «በነፃ ነው የምንሠራው፣ ምን ልሁንላችሁ?»

ይህን የሚሉት የላይብረሪ ሠሪዎች ናቸው፣ ትልቅ እውነትም አላቸው። ብዙ ኦፕን ሶርስ የሚጻፈው ማታ ከሥራ በኋላ፣ ያለ ደመወዝ ነው። እያንዳንዱን አሮጌ ቨርዥን መደገፍ ማለት እያንዳንዱን መሞከር ማለት ነው። አምስት የፓይተን ቨርዥን፣ አራት የፓንዳስ፣ ሦስት ዓይነት ኮምፒውተር ካላችሁ ስድሳ ዓይነት ጥምረት ይሆናል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ተሸከም ቢባል ሥራውን ይተወዋል፣ ያኔ ሁላችንም እናጣለን።

ስለዚህም በሳይንሱ ዓለም ያሉት ሰዎች ሥርዓት አበጁ። የነምፓይ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ባለፉት 42 ወራት የወጡ የፓይተን ቨርዥኖችንና ባለፉት 24 ወራት የወጡ የነምፓይ ቨርዥኖችን እንደግፋለን አለ። በኋላ የመጣውና ብዙ ፕሮጀክቶች የተስማሙበት መመሪያ ለፓይተን ሦስት ዓመት፣ ለመሠረታዊ ላይብረሪዎች ሁለት ዓመት አደረገው። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ደንቡ የተጻፈ ነው፣ ቀኑ ይታወቃል፣ ማንም በድንገት አይያዝም። ለፈቃደኛ ሠራተኛ ይህ ከበቂ በላይ ጨዋነት ነው።

ቅሬታዬ ይህን ቁጥር እንዳለ ገልብጠው አገር ውስጥ በሚሠራ የሕዝብ አገልግሎት ላይ የሚለጥፉት ላይ ነው። ሁለት ዓመት ለአንድ ተመራማሪ ረጅም ነው። ለካንጋተን ስልክ ግን ሁለት ዓመት ገና ሁለተኛው ባለቤት እጅ የሚገባበት ጊዜ ነው። ደንብ ከነአገሩ አይኮረጅም።

ደግሞም ፈቃደኛውንና ደመወዝተኛውን አንቀላቅል። መንግሥታችን ዛሬ በኦፕን ሶርስ ላይ ቆሟል። ፋይዳ የተሠራው ሕንድ ባንጋሎር ውስጥ በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሥርዓት ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ አዘጋጆቹም የሚደግፉት የመጨረሻዎቹን ሦስት ቨርዥኖች ነው። ይህ ማለት ደፉ ከፍ የሚልበት ቀን የሚቆረጠው እዚያ ነው። እኛ ጋ የሚቀረው ወይ መከተል ወይ ተነጥሎ መቅረት ነው፤ ካልተናገርን በቀር። መናገር ግን እንችላለን። የኦፕን ሶርስ ትርጉሙ ይኸው ነው። ቁጥሩን ማየት፣ ለምን ብሎ መጠየቅ፣ «እኛ ጋ ይህን ያህል ታብሌት በዚህ ቨርዥን ላይ አለ፣ አንድ ዓመት ጠብቁን» ማለት፣ ካስፈለገም ሠራተኛ መድቦ አሮጌውን መጠገን ይቻላል። በዝግ ሶፍትዌር ይህ ዕድል የለም። ክፍቱን መርጦ ዕድሉን አለመጠቀም የተከፈተ በር አጠገብ ቆሞ ደጅ መጥናት ነው።

ሰበብ አራት፦ «አዲስ ስልክ ይግዙ»

ይህን በአደባባይ የሚል የለም፣ ግን ውሳኔው ራሱ ይለዋል።

ሒሳቡን እንሥራ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 100 ዶላር የሚያወጣ ስልክ ያለ ቀረጥና ያለ ትርፍ 5,700 ብር ገደማ የነበረው ከ10,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ደመወዝ በዚያ ፍጥነት አላደገም። የፍየል ዋጋም በዚያ ፍጥነት አላደገም።

አዲሱ ስልክ ራሱ ደግሞ ደፍ አለው። ጎግል ለርካሽ ስልኮች ያዘጋጀው ቀላሉ አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ሲጀምር 1 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በታች ራም ላላቸው ስልኮች ነበር። ከአንድሮይድ 13 ወዲህ ግን ቢያንስ 2 ጊጋባይት ይጠይቃል። ክሮም የተባለው ማሰሻም እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2025 ጀምሮ አዲስ ቨርዥኑን ከአንድሮይድ 10 በታች ላሉት አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አንድሮይድ 9 ያለው ስልክ በዚህ መለኪያ «አሮጌ» ነው። ዓለም በራሷ ፍጥነት ትሄዳለች። እኛ በማናዘው ላይ ምን እናደርጋለን? በምናዘው ላይ ግን የዓለምን ፍጥነት ሳንጠየቅ የምንጨምርበት ምን ዕዳ አለብን?

አንዳንዴ ግን ደፉ ከፍ ማለት አለበት

አሮጌን ሁሉ አምላኪ አይደለሁም። ከራሳችን ፊደል ምሳሌ ልውሰድ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ፊደላት በየጊዜው ገብተዋል። ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት የገቡት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በወጣው ዩኒኮድ 14 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራና አፕዴት የማያገኝ ስልክ እነዚህን ፊደላት የሚያሳየው ባዶ ሳጥን አድርጎ ነው። የጉራጌ ልጆች በቋንቋቸው የሚማሩበት አፕ የሚሠራ ሰው «አሮጌው ስልክ ፊደሉን አያውቀውም» ቢል እውነቱን ነው።

እሱ እንኳ ግን ደፉን ከማሳደጉ በፊት የሚያደርገው ነገር አለ። ፎንቱን አፑ ውስጥ አብሮ መክተት ይችላል። ፋይሉ ትንሽ ይከብዳል፣ ብዙ ሰው ግን ይገባል። እንዲህ ያለው ጥያቄ መጠየቁ ነው ሙያ የሚባለው፦ ይህን ነገር አሮጌው ላይ ማድረግ በእውነት አይቻልም? ወይስ እኔን አድካሚ ነው?

ስለዚህ ምን ይደረግ?

ነቅፎ መሄድ ቀላል ነው። የምጠይቀውን በዝርዝር ላስቀምጥ።

1ኛ. ቁጥሩ ይነገር። ማንኛውም የመንግሥት ወይም የባንክ አፕ ዝቅተኛ ቨርዥኑን በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች፣ ሰው በሚያየው ቦታ ይጻፍ። በጨረታ ሰነድ ላይም ይግባ። ዛሬ ጨረታ ላይ የሰርቨሩ አቅም ይጻፋል። የተጠቃሚው ስልክስ?

2ኛ. ደፉ ከፍ ከማለቱ በፊት ይቆጠር። አፑን የሚያስተዳድረው አካል ስንት ሰው በየትኛው ቨርዥን እንደሚጠቀም ያውቃል፤ መረጃው እጁ ላይ ነው። በአገር ደረጃ ብቻ ሳይሆን በዞንና በወረዳ ይየው። በአገር ደረጃ 4 በመቶ የሆነ ነገር አንድ ወረዳ ውስጥ ግማሽ ሕዝብ ሊሆን ይችላል። አማካይ የሚባለው ነገር ካንጋተንን ለመደበቅ በጣም ምቹ ነው።

3ኛ. ቢያንስ 12 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጥ። ማስጠንቀቂያው አፑ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በአጭር የጽሑፍ መልእክትም ይምጣ። ለደኅንነት አስቸኳይ ከሆነ ይነገረን፣ እንረዳለን፤ ግን አስቸኳይነቱ በጽሑፍ ይቅረብ።

4ኛ. በዝቅተኛው ይሞከር። የእያንዳንዱ ሠሪ ጠረጴዛ ላይ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አንድ አሮጌ ስልክ ይቀመጥ። ላይብረሪ የሚጽፉም ደፋቸውን በመሣሪያ ይፈትኑት። ዩቪ የተባለው የፓይተን መሣሪያ የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ቨርዥን መርጦ የሚጭን ትእዛዝ አለው። ሁለቱን ጫፍ፣ ዝቅተኛውንና አዲሱን፣ ብትሞክሩ ስድሳው ጥምረት ወደ ጥቂት ይወርዳል። ካለፈ ቁጥሩን ጻፉት። ካላለፈ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉና ምክንያቱን አብራችሁ ጻፉ።

5ኛ. ቨርዥን የሌለው መንገድ አይዘጋ። ቴሌብር ውስጥ ከሁሉም የምወደው *127# ነው። በቁልፍ ስልክ ይሠራል፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ አፕዴት አይልም። ማንኛውም ግዴታ የሆነ አገልግሎት እንዲህ ዓይነት በር፣ ካልሆነም ሰው የተቀመጠበት መስኮት ይኑረው። ግዴታና ደፍ አብረው ሲመጡ ቅጣት ይሆናሉ።

6ኛ. ደፉን ያሳደገ ይክፈል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የምትሠራበት ታብሌት አዲሱን አፕ አልቀበል ካለ ታብሌቱን መለወጥ የቀጣሪዋ ዕዳ እንጂ የእሷ አይደለም። አፑን ያሳደገው በጀት ውስጥ የታብሌቱም ዋጋ ይግባ። ይህ ቢሆን ስንት «የግድ አስፈላጊ» ማሻሻያ በአንድ ቀን አላስፈላጊ ሆኖ እንደሚገኝ ታያላችሁ።

ለወጣቶቹም አንድ ቃል አለኝ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ለማሠልጠን ዘመቻ ተከፍቷል። ጥሩ ነው። ግን ኮድ መጻፍ ያስተማረ፣ ደፍ መምረጥን ካላስተማረ ግማሹን ነው ያስተማረው። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆች ለዚህ ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ናቸው። ሐመርን፣ ዳሰነችን፣ ኛንጋቶምን በቅርብ ያውቃሉ፤ ስልኮቹን በገበያ ቀን ያያሉ። የእነዚህን ስልኮች ቨርዥን ቆጥረው ቢያወጡ ከብዙ ስትራቴጂ ሰነድ የሚበልጥ ሥራ ይሆናል።

ነገሩን ልጠቅልል። ስልክ የሚያረጀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሲሰበር ነው፤ እሱን ባለቤቱ ያውቀዋል። ሁለተኛው አንድ የማያውቀው ሰው፣ በማያውቀው ከተማ፣ አንድ ቁጥር ሲቀይርበት ነው። ስልኩ ይበራል፣ ይደውላል፣ ፎቶ ያነሳል፤ ግን «አርጅቷል» ተብሏል። እንዲህ ያለውን ፍርድ የሚሰጥ ሰው ቢያንስ ስሙንና ምክንያቱን ይጻፍ።

እስከዚያው እናንተም አንድ ነገር አድርጉ። ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ክፈቱና የአንድሮይድ ቨርዥናችሁን እዩ። ከዚያ ወላጆቻችሁ ጋ ደውሉና የእነሱን ጠይቁ። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ስንት እንደሆነ ካያችሁ በኋላ ይህን ጽሑፍ አፕ ለሚሠራ ሰው ላኩለት።